ባሕር የሌለው ካፒቴን እንዴት ሰጠመ

ቅዳሜ ሌሊት አርባ አራት ሰው አስጨርሻለሁ። ሰዎቹ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ለቅሶ መድረስ አያስፈልግም። ግን እንዴት እንዳለቁ ለሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለቤቴ «ለኔ እንዳትጀምርልኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ለእናንተ ልጀምርላችሁ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ከባሕር ጋር ያለን ዝምድና ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ በሚመጣው ተሳቢ በኩል ብቻ ነው። ይሁንና ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ እኔ የሰርጓጅ መርከብ ካፒቴን ነኝ። ጌሙ ሳይለንት ሀንተር 3 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ስለሆነ የኔ አሮጌ ላፕቶፕም ብዙ ሳያቃስት ይሸከመዋል።

ሲሙሌሽን ነው። ዝም ብሎ ተኩስ የለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተሰጥቷችኋል፣ ከወደብ ትወጣላችሁ፣ ካርታ ላይ መስመር ትሰምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ለቀናት የምታዩት ውኃ ብቻ ነው። ጊዜውን እስከ 1,024 እጥፍ ማፍጠን ባይቻል ኖሮ ሥራና ትዳር ያለው ሰው አይጫወተውም ነበር። ሲጀምር ደግሞ ምን ያህል እውነተኛ እንዲሆን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ባትሪው የሚያልቅ ይሁን? አየሩስ? ነዳጁስ? ቶርፔዶው አንዳንዴ ይክሸፍ? የተኩሱን ሒሳብ ራስህ ትሠራለህ ወይስ እኛ እንሥራልህ? እኔ በኩራት ሁሉም ላይ ምልክት አደረግኩ።

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ያድራል። ያን ሌሊት ኢርፎን ሰክቶ የድምፅ ሠራተኛዬ ሆኖ ነበር። መርከባችን ከሰጠመች በኋላ ትንሽ ዝም አለና «አጎቴ፣ ሰርጓጅ መርከብ አይደለች እንዴ? ለምን መጀመሪያውኑ ውኃ ውስጥ ብቻ አትሄድም ነበር?» አለኝ።

ሁላችንም የምናስበው እንደዚያ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ሲባል ዓሣ ነው የሚመስለን። የዛሬዎቹ በኑክሌር የሚሠሩት በእርግጥ ለወራት አይወጡም። የዚያ ዘመኖቹ ግን ዓሣ ሳይሆኑ ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ ዋናተኛ ነበሩ።

የያዝኳት መርከብ ዓይነት 7ሲ ትባላለች። ጀርመኖች ከ500 በላይ የሠሯት፣ በብዛት የሚተካከላት ያልነበረ ሞዴል ናት። 67 ሜትር ትረዝማለች። ወርዷ 6 ሜትር ከምናምን ነው፤ እሱም የውጪው ነው እንጂ ሰው የሚኖርበት ቱቦ ከዚያ ይጠባል። እዚያ ውስጥ ከአርባ በላይ ሰው፣ 14 ቶርፔዶ፣ ሁለት የናፍጣ ሞተር፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር፣ 124 የባትሪ ሴል ተጠቅጥቋል። መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ነው፤ ጉዞ ሲጀመር ግን አንደኛው ምግብ ይታጨቅበታል። ስቱዲዮ ደርሶኝ ጠበበኝ የሚል ሰው ቢያስብበት።

ጄኔሬተርና ኢንቨርተር ያለው ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ እንደዚያ ነው። የናፍጣው ሞተር ጄኔሬተሩ ነው። አየር ይፈልጋል፣ ጭስ ያወጣል፤ ዘግቶ የሚያስነሳው የለም። ስለዚህ የሚሠራው መርከቧ ውኃው ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ባትሪው ኢንቨርተሩ ነው። ጭስ የለውም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን የያዘው ያህል ብቻ ነው ያለው። ካለቀ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ናፍጣውን አስነስቶ፣ ለሰዓታት ቻርጅ ማድረግ ግዴታ ነው። በ1944 አካባቢ ስኖርክል የሚባለው የአየር ቱቦ በብዛት እስኪገጠም ድረስ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል። 7ሲ ውኃው ላይ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ረጋ ብላ ከተጓዘች በአንድ ታንከር ነዳጅ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትሸፍናለች። ውኃ ውስጥ ግን ጥግ ድረስ ብትገፋ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነው። በ7 ኪሎ ሜትር ቀስ ብትል ደግሞ ባትሪው የሚያደርሳት ወደ 148 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታ ዝዋይ ሳትደርስ ትቆማለች ማለት ነው፤ ያውም ፈጠን ባለ እግረኛ ፍጥነት።

እንግዲህ እውነተኞቹ ካፒቴኖች አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ላይ ነበሩ። ቀን አውሮፕላን ሲያዩ ይጠልቃሉ፤ ሌሊት ወጥተው ይሮጣሉ፣ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ያጠቃሉ። መጥለቅ የመደበቂያ ዘዴ እንጂ የመጓጓዣ ዘዴ አልነበረም። ይህን በንባብ አውቀው ነበር። በደሜ ውስጥ ግን አልገባም ነበር።

ስለ መጥለቁም አንድ ነገር ልበል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልገውም። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ገጥማችሁ በርሜል ውስጥ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። እጃችሁን ጭናችሁ ብትገፉት እንኳ ዘሎ ይወጣል። ውኃ ብትሞሉት ደግሞ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ አፉን ብቻ አውጥቶ ይቆማል። ሰርጓጅ መርከብም በጎኗ የሚሞሉና ባዶ የሚሆኑ ጋኖች አሏት። ስትጠልቅ ውኃ ታስገባለች። ስትወጣ በብረት ሲሊንደር የታመቀ አየር ለቃ ውኃውን ታስወጣለች። በመሀል ያለው ሚዛን ግን እንደ ጀሪካኑ ነው፤ ጥቂት ውኃ ከተጨመረ ወደ ታች፣ ጥቂት ከተቀነሰ ወደ ላይ። ይህ «ጥቂት ውኃ» ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። በጌሙ ጊዜ ኦክቶበር 1941 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ካለው የሎሪያን ወደብ ወጥተን ከአየርላንድ በስተምዕራብ ነን። ልጁ ኢርፎኑን ይዞ «አጎቴ፣ ብዙ ነገር እየመጣ ነው» አለ። ውኃ ድምፅን በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይወስዳል፤ አየር ግን 340 ገደማ ብቻ ነው። ርቀቱም ይለያል። እኛ ሰፈር ሌሊት ሰው ሲተኛ የፍጥነት መንገዱ ድምፅ ይሰማል። የለመደ ጆሮ የተጫነውን ተሳቢ ከባዶው ይለያል። የሰርጓጅ መርከብ የድምፅ ሠራተኛም ሥራው ይኸው ነው። ይህ የጭነት መርከብ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፤ ያኛው ፈጣን ነው፣ የጦር መርከብ ነው ይላል። ልጁ ከኔ ይሻላል።

ኮንቮይ ነበር። ወደ ሃያ የሚጠጉ የጭነት መርከቦች ተሰልፈዋል፤ ዳር ዳሩን አጃቢዎች ይዞራሉ። ውኃው ላይ ነን፣ ጨለማ ነው፣ ማንም አላየንም። ያገኘሁት ዕድል ካፒቴን ሁሉ የሚመኘው ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ከ3,000 ሜትር ርቀት አራት ቶርፔዶ ለቀቅኩ።

ለምን ሞኝነት እንደሆነ ላስረዳ። ቶርፔዶ ጥይት አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረው የኤሌክትሪክ ቶርፔዶ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 3 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ዒላማው ቆሞ አይጠብቅም። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚሻማ ሰው ይህን ያውቃል። ሚኒባሱ አሁን ወዳለበት አይሮጥም፤ ወደሚቆምበት ነው የሚሮጠው። ለዚህ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዒላማው ምን ያህል ርቆ እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድና ወደ የት እንደዞረ። ሦስቱንም በፔሪስኮፕ ወይም በመነጽር አይቶ መገመት ነው። ለምሳሌ መርከቧን ሙሉ ጎኗን ካያችኋት ወደ ጎን እየሄደች ነው። አጥራ ከታየቻችሁ ወይ ወደ እናንተ ዞራለች፣ ወይ እየሸሸች ነው። በጨለማ ሁለቱን መለየት የተለየ ችሎታ ነው።

እኔ የመርከቧን ፍጥነት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው ብዬ ገመትኩ። በኋላ ሳየው 11 ነበር። የአራት ኪሎ ሜትር ስሕተት ምን አላት? ሒሳቡን ሥሩት። ከሦስት ደቂቃ በኋላ መርከቧ ትደርሳለች ካልኩበት ቦታ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። የመርከቧ ርዝመት 130 ሜትር ነው። ቶርፔዶዎቹ በአፍንጫዋ ፊት አልፈው ሄዱ። ያንኑ ስሕተት ከ800 ሜትር ላይ ብሠራ ኖሮ ልዩነቱ 58 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆን ነበር። መሀሏን ብስትም ጫፏን አላጣም። መቅረብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቅርበት ስሕተትን ያጠፋል። ፍርሃት ደግሞ ያርቃል።

ከአራቱ አንዱ አለፍ ብሎ ያላሰብኩትን ሌላ መርከብ መታ። ልጁ ጨበጨበ። እኔም ያሰብኩት እንደሆነ አስመስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ቶርፔዶ ደግሞ በራሱም ያስቸግራል። ይህን ስል ሰበብ እየፈለግኩ አይደለም። በሴፕቴምበር 1939 ዩ-39 የምትባል የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አርክ ሮያል የተባለችውን የእንግሊዝ የአውሮፕላን ተሸካሚ አገኘች። ተኮሰች። ቶርፔዶዎቹ ሳይደርሱ በመንገድ ፈነዱ። ፍንዳታው ያለችበትን አሳበቀባትና አጃቢዎቹ መጥተው አሰጠሟት። በጦርነቱ የመጀመሪያዋ የጠፋች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሆነች፤ ሠራተኞቿ ሁሉ በሕይወት ተማረኩ። በ1940 ኖርዌይ ላይም እንደዚሁ ቶርፔዶው አንዴ ሳይደርስ ይፈነዳል፣ አንዴ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ከመርከቡ ሥር ያልፋል። የሚገርመው፣ በጌሙ ይህን ማጥፋት ይቻላል። አላጠፋሁትም አላልኳችሁም?

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ደረስን። ፍንዳታው እንደተሰማ ሁለት አጃቢዎች ወደ እኛ ዞሩ። ጨለማ ነው። ውኃው ላይ ነን። ሞተሮቻችን ሙሉ ናቸው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መሮጥ። በቃ፣ መሮጥ። ሁለቱም ኮርቬት የሚባሉ ትንንሽ አጃቢዎች ነበሩ። ፍላወር የተባለው የኮርቬት ዓይነት ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። እኔ 33 አለኝ። ከዚህም በላይ፣ እንግሊዞች አዝዲክ ይሉት የነበረው ሶናር ውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ የሚመለስበትን ማሚቶ የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው። ውኃው ላይ ያለችን ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ በቅጡ አያገኛትም። በ1941 ሌሊት ብዙዎቹ አጃቢዎች ላይ ጥሩ ራዳር ገና አልነበረም። ብዙዎቹ የተዋጣላቸው ካፒቴኖች ሌሊት ውኃው ላይ ሆነው አጥቅተው ውኃው ላይ ሆነው ነበር የሚያመልጡት። ያ ዘመን ያበቃው በኋላ ነው። ራዳር፣ የረጅም ርቀት አውሮፕላንና የኮድ ፈቺዎች ሥራ ተደምረው በሜይ 1943 ብቻ ከ40 በላይ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጠፉ።

እኔ ግን «ጥለቅ!» አልኩ። ሰርጓጅ አይደለችም? በአንድ ቃል 33ቱን ኪሎ ሜትር ወደ 14 ቀየርኩት። ሁለቱ ኮርቬቶች ከኔ እጥፍ በላይ ፈጣን ሆኑ። ከማያየኝ መሣሪያ ወጥቼ ለኔ ተብሎ ወደተሠራው መሣሪያ ገባሁ።

የጥልቀት ቦምብ ማለት በርሜል ነው። ወደ 130 ኪሎ ፈንጂ ይዟል። በምን ጥልቀት እንዲፈነዳ ይሞላና ከመርከቡ ኋላ ይጣላል። የሚሰምጠው በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ነው፤ 180 ሜትር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ ደቂቃ በ7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብሄድ እንኳ ከ100 ሜትር በላይ እርቃለሁ። ሰርጓጅ መርከቧን ለመግደል ደግሞ ቦምቡ አሥር ሜትር ገደማ ድረስ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጥልቀት ጓደኛ ነው። ሌላም አለ። አጃቢው ከላያችን ሲደርስ ሶናሩ ወደ ፊት ስለሚያይ እኛን ያጣናል። ቦምቦቹ ሲፈነዱ ደግሞ ውኃው ይታመስና ለደቂቃዎች ምንም አይሰማም። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሲፈነዳ ሩጥ፣ ጸጥ ሲል ተሳብ። ልክ እንደ ድብብቆሽ።

እኔ ሲፈነዳም ሮጥኩ፣ ጸጥ ሲልም ሮጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፤ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብትይዙ ይህን ያዙልኝ። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ለመሮጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መራመድ ይቻላል። ለመሮጥ ስትሞክሩ ግን ውኃው እንደ ግድግዳ ይሆንባችኋል። ፍጥነታችሁን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን ወደ ስምንት እጥፍ ነው። ሰርጓጅ መርከብም ያው ናት። በ7 ኪሎ ሜትር ስትሳብ ባትሪው 20 ሰዓት ይቆያል። በ14 ስትሮጥ «ግማሹ፣ 10 ሰዓት ይሆናል» ትላላችሁ። አይሆንም። በሒሳቡ ሦስት ሰዓት አይሞላም። በተግባር ከዚያም ያንሳል። የእርሳስ ባትሪ በችኮላ ሲመጠጥ የያዘውን ሁሉ አይሰጥም፤ መኪና የያዘ ሰው ጠዋት በብርድ ስታርተር ደጋግሞ ሲመታ የሚያየው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ መብራት ጠፋ። በጌሙ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «አሁንም አልተኛችሁም?» አለች። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ 52 ደቂቃ አለኝ አለ። እኔ የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ፣ ዋይፋይ አጠፋሁ፣ ማውስ ነቀልኩ፣ ስልኬን ከላፕቶፑ ላይ አወጣሁ። እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጠብኩ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መርከቤ በዚያው ቅጽበት ሙሉ ፍጥነት ላይ ነበረች። ሁለቱን አላያያዝኳቸውም። አሁን ሳስበው ነው የሚያሳፍረኝ።

190 ሜትር ላይ ነን። ስለዚህ ጥልቀት ትንሽ ልናገር። አዲስ አበባ ላይ ጠጥታችሁ የዘጋችሁት ባዶ ሃይላንድ አዋሽ ስትደርሱ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ወደ ቆላው ስትወርዱ አየሩ ይከብድና ፕላስቲኩን ይጨምቀዋል። ያን ያህል የሚጨመቀው በአየር ብቻ ነው። ውኃ ግን በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የባሕር ወለል ግፊት ይጨምራል። 190 ሜትር ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ወደ 2 ቶን ያርፋል። በእያንዳንዷ መዳፍ ላይ ሁለት ቪትዝ ቆሟል በሉት። 7ሲ ከ200 ሜትር በታችም ትወርድ ነበር፤ 250ን ካለፈች ግን ነገሩ በዕጣ ነው። የኛው ሻላ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 266 ሜትር ነው፤ እዚያ ግርጌ ድረስ ወርዳ መመለሷ ያጠራጥራል። ጣና ላይ ደግሞ መደበቂያ እንኳ አታገኝም። ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ እሷ ቁመቷ ብቻ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። የባሕር ዳር ልጆች ይቅርታ።

አንድ ቦምብ ቀረበ። ሰውነቷ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ ውኃ መግባት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው ወጥመድ ነው፣ ውበት ያለው ወጥመድ። ውኃ ሲገባ ትከብዳለች። ስትከብድ ትሰምጣለች። እንዳትሰምጥ በክንፎቿ ራሷን ወደ ላይ መያዝ አለባት፤ ክንፍ ደግሞ እንደ አውሮፕላን የሚሠራው ስትሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ያስፈልጋታል። ፍጥነት ባትሪ ይበላል፣ ድምፅም ያወጣል። ድምፁ አጃቢዎቹን ይጠራል። አጃቢዎቹ ሌላ ቦምብ ይጥላሉ። ውኃውን በፓምፕ እናውጣ ብትሉ ፓምፑም ይጮኻል። በዚያ ላይ ዝቅ ባለች ቁጥር ግፊቱ ሰውነቷን ትንሽ ይጨምቀዋል፤ ስትጨመቅ የምትገፋው ውኃ ያንሳል፣ ስለዚህ ይበልጥ ትከብዳለች።

ባትሪው 6 ፐርሰንት ሲል «አየር ልቀቅ፣ እንውጣ» አልኩ። አየሩም ከዳኝ። እሱም ሒሳብ ነው። የታመቀው አየር ጋኑ ውስጥ ገብቶ ውኃውን ለማስወጣት መጀመሪያ የውጪውን ግፊት ማሸነፍ አለበት። 190 ሜትር ላይ ያ ግፊት 20 እጥፍ ነው፤ 10 ሜትር ላይ 2 እጥፍ። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር 10 ሜትር ላይ የሚያስወጣውን ውኃ እዚህ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው የሚያስወጣው። ቀደም ብዬ በ100 ሜትር ላይ ብለቀው ኖሮ ይበቃኝ ነበር። 200። 215። 230። ልጁ ኢርፎኑን አወለቀ። 240 አካባቢ ስክሪኑ ጨለመ፤ ላፕቶፑ መስሎኝ ነበር። ላፕቶፑ ገና 19 ደቂቃ ነበረው።

ጌሙ የማያሳየው ብዙ ነገር አለ። ያሰጠማችሁትን መርከብ በቶን ይነግራችኋል፤ በውኃው ላይ የቀሩትን መርከበኞች ግን አታዩም። በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ካገለገሉት ወደ 40,000 ሰዎች 30,000 ያህሉ አልተመለሱም። እነሱ ያሰጠሟቸው የንግድ መርከብ ሠራተኞችም ቁጥር እንደዚያው ብዙ ነው፤ እነዚያ ደግሞ ስንዴና ነዳጅ ጭነው የሚሄዱ ሲቪሎች ነበሩ። ለናዚ እየተዋጋሁ እንደሆነ ልጁ ሲያስታውሰኝ «ጌም ነው» አልኩት። ጥሩ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንድ ሌላ የማያሳየው ነገር፣ ሰርጓጅ መርከብ ያለ ጠላትም ሰው ይገድላል። የባሕር ውኃ ባትሪው ላይ ከፈሰሰ ከአሲዱ ጋር ተገናኝቶ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በኤፕሪል 1945 ዩ-1206 ስኮትላንድ አጠገብ የጠፋችው በመጸዳጃ ቤት ምክንያት ነው። ውስብስብ ቫልቮች የነበሩት መጸዳጃ ተበላሽቶ ውኃ አስገባ፣ ውኃው ባትሪው ላይ ደረሰ፣ ጋዙ ሲበዛ ወደ ላይ መውጣት ግድ ሆነ። እዚያ አውሮፕላን ይጠብቃቸው ነበር። አራት ሰው ሞተ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ወደኛው የሚቀርበው ታሪክ ነው። የፋሺስት ጣልያን የባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ 17 ሰርጓጅ መርከቦች ያሉትን አንድ ምድብ ሠራ። የምድቡ ስም «አድዋ» ነው። መርከቦቹም አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ነገሌ፣ አላጌ፣ ሽሬ፣ አሸንጌ እየተባሉ ተሰየሙ። የወረሩትን አገር ካርታ ብረት ላይ ጻፉት። ከ17ቱ ጦርነቱን የጨረሰችው አላጌ ብቻ ናት። አድዋ በ1941 ሜዲትራኒያን ውስጥ ሰጠመች። ስሙን ሲመርጡ አላሰቡበትም መሰለኝ።

መቀሌ ጁን 1940 ጣልያን ጦርነት በገባችባቸው የመጀመሪያ ቀናት ከምጽዋ ወጣች። ቀይ ባሕር በጁን እሳት ነው። መርከቧ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ነበር፤ በቱቦዎቹ የሚዞረው ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ነው። ጋዙ ሾለከ። ሽታው በቀላሉ አይለይም። ሰው ይደነዝዛል፣ ያዞረዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ሠራተኞቹ ያለ አንዲት ቦምብ አእምሯቸው ተናወጠ፤ ያሉበትንም ቦታ ሳቱ። ጁን 15 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት ላይ መርከቧ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ በኋላም ተንሸራትታ ወደ ጥልቁ ገባች። ሰዎቹ ምንም በማይበቅልባት ደሴት ላይ ቀሩ። ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄደው ሌላ የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ መጥታ አወጣቻቸው። ከምጽዋ የወጣችው ጋሊሌይ ደግሞ በዚያው ወር በጋዙ የታመሙ ሠራተኞችን ይዛ ኤደን አጠገብ በእንግሊዞች ተማረከች። የማረከቻት ሙንስቶን የምትባል፣ ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራች ዓይነት ትንሽ መርከብ ናት። ይህን ለልጁ ስነግረው «እኛ እንኳ በቦምብ ነው» አለ፣ ሊያጽናናኝ።

እሑድ ጠዋት መብራት መጣ። ቅዳሴ ደርሼ ስመለስ ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት ሴቭ ካደረግኩት ቦታ አስነስቷል። ኮንቮዩ ከፊቱ ነው። ውኃው ላይ ነው፣ ጨለማ ነው። ባትሪው 100 ፐርሰንት።

ቆሜ አየሁት። መርከቧን ወደ ምዕራብ አዙሮ ከኮንቮዩ እየራቀ ነው። ጊዜውን አላፈጠነም፤ ኢርፎኑን ሰክቶ እያዳመጠ ነው።

«ምነው? አትተኩስም እንዴ?» አልኩት።

«አጎቴ፣ ሁለት አጃቢ አለ እኮ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ባይሆን ቻርጀሩን አቀብለኝ፣ ሳይጠፋ።»